ምልክት የሌላቸው ቁልፎች

ጓደኛዬ ቁጭ ብላ በልታ አታውቅም ነበር። ጉንጯ እንደሞላ ትነሳለች፣ የጫማዋን ክር ሳታስር ትሮጣለች። ዩኒቨርሲቲያችን ውስጥ የመማሪያ አዳራሾችን የምትከፍትና የምትዘጋ ተማሪ ሠራተኛ ስለነበረች «ቁልፊት» እንላታለን። አንገቷ ላይ ያንጠለጠለቻቸው ቁልፎች ሲንቃጨሉ ስንሰማ፣ መጣች ብለን ገበታው ላይ ቦታ እንለቅላታለን። ቦታው ግን ባዶውን ይውላል።

ሥራው አልጠቀማትም አልልም። እኛ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ለወንበር ስንጋፋ እሷ የፈለገችውን አዳራሽ ከፍታ ብቻዋን ታጠናለች። እናቷንም «ብር ላኪልኝ» ማለት ትታለች፤ እንደሷ ላለ ኩሩ ሰው ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ችግሩ አንድ ትምህርት እንኳ እስከ መጨረሻው ተቀምጣ አለመከታተሏ ነው። መምህሩ ሰሌዳው ላይ መጻፍ ሲጀምር ስልኳ ይነዝራል፤ የሆነ ቦታ የሆነ በር አልከፈት ብሏል። በዚህ ሁኔታ ስታቲስቲክስ ወደቀች። እኔም ወድቄያለሁ፤ እኔ እንኳ የማሳብብበት ሥራ የለኝም። ድጋሚ ፈተናውን ካላለፍን ሁለታችንም እንባረራለን፤ እሷ ደግሞ ሥራውንም ታጣለች።

ብልጠቷም ሌላ ጣጣ ነበረው። ሥራው በየዓመቱ ለአዲስ ተማሪ ይሰጥ ነበር። እሷ ግን ገና እንደተረከበች በቁልፎቹ ላይ የተለጠፉትን ምልክቶች በቃሏ ይዛ ልጣ ጣለች። የትኛው ቁልፍ የትኛውን በር እንደሚከፍት ከሷ በቀር የሚያውቅ ጠፋ። ጋሼ የምንላቸው የሕንፃዎቹ ኃላፊ ሊቀይሯት ቢያስቡም አልቻሉም። «እስቲ አሁን ይተኩኝ» እያለች ትስቅ ነበር። እናቷ በስልክ «ልጄ፣ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ስትላት እንኳ እየሮጠች ነበር የሰማቻት።

የፈተናው ዕለት ጠዋት አዳራሻችንን ቀድማ ከፈተችና ሌላ ሕንፃ ላይ በር አስቸገረ ተብላ ሄደች። የጽዳት ሠራተኛዋ ደግሞ ወለሉን ወልውላ ስትጨርስ በሩን ሳበችው። በሩ ሲሳብ ራሱን የሚቆልፍ ነው። ፈተና ከተጀመረ በኋላ ማንም አይገባም። ቁልፊት ሰዓቱ አልፎባት በቃ፣ አለቀልኝ ብላ እንባዋን እያዘራች ደረጃውን ስትወጣ ከነመምህራችን ደጅ ተኮልኩለን አገኘችን። መምህሩ ያለሷ እንደማይጀመር በሹፈት ነገራት። እየሳቀችም እያለቀሰችም ከፈተችልን። እኔም መዘግየቷ ትንሽ ስላስጠናኝ በሆዴ አመሰገንኳት።

ፈተናው ሲጋመስ ጋሼ በላብ ተጠምቀው ገቡ። ከሰዓት የተባለው ስብሰባ ወደ ጠዋት ተዛውሮ ማዶ ያሉት ክፍሎች በሙሉ እንደተቆለፉ ናቸው፤ እንግዶቹ ደጅ ቆመዋል፤ ቶሎ ነይ አሏት። መምህሩ ከወጣች መመለስ እንደማትችል አስታወቃት። ቁልፊት ግን ከወንበሯ ብድግ ማለት ጀምራ ነበር፤ እግሯ ለምዶባታል። እኔ ስሌቴን ትቼ እሷን ማየት ጀመርኩ፤ ፈራሁላት።

ቁልፎቹን ከአንገቷ አውልቃ ዘረጋችላቸው።

«የትኞቹ ናቸው?» አሉ ጋሼ እያገላበጡ።

«ለይቼ ልስጥዎ ካልኩ ጊዜው ያልቅብኛል። እየሞከሩ ይክፈቱ ጋሼ፤ እኔ ፈተና ላይ ነኝ።»

ተመልሳ ተቀመጠች።

ጋሼ ያን ዕለት በእንግዶች ፊት ምን እንደሆኑ እሳቸው ያውቃሉ። በማግሥቱ ቁልፎቹን መልሰው አመጡና ወይ ምልክት አድርጊባቸው ወይ ሥራውን ልቀቂ አሏት። ምልክት ካደረገች ማንም ሊተካት እንደሚችል ገብቷታል። አልጋዋ ላይ ተቀምጣ በያንዳንዱ ቁልፍ ላይ የበሩን ስም የያዘ ወረቀት በክር አሰረች። እኔ ክሩን እየቆረጥኩ አቀበልኳት።

ፈተናውን ሁለታችንም አለፍን። ሥራውን አሁን ሌላ ተማሪ ይዞታል፤ እሷም እናቷን «ላኪልኝ» ማለት ጀምራለች፤ ይሄ አሳፍሯታል። ምሳዋን ቁጭ ብላ ትበላለች። ጠረጴዛው ሥር ግን እግሯ ይሮጣል።