አምስት ቀን የዘገየው ሦስተኛው ኬሞ

የፈተና ወረቀት እያረምኩ ብብቴ ስር አሳከከኝ። እጄን ስሰድ ግራ ጡቴ ጠርዝ ላይ የባቄላ ፍሬ የምታህል እብጠት ዳሰስኩ። አታምም። ስለማታምም ተውኳት። ዓመት ሳይሞላ የጡቴ ጫፍ ወደ ውስጥ ገባ።

ከምንኖርበት ከላንቴ ከባለቤቴ ጋር አርባ ምንጭ ሆስፒታል ሄድን። ከእብጠቷ ለምርመራ ናሙና፣ ባዮፕሲ የሚሉት፣ ተወሰደ። ሲቲ ስካን ተነሣሁ። ሐኪሙ ውጤቱን አይቶ፣ «ካንሰሩ ጉበትሽ ደርሷል፤ አራተኛ ደረጃ ነው። ኬሞው ጨርሶ አያጠፋውም፤ ግን ሊገታልሽ፣ ዕድሜ ሊጨምርልሽ ይችላል። በየሃያ አንድ ቀኑ ትመጫለሽ፤ ቀኑ እንዳያልፍ» አለኝ። ባለቤቴ አለቀሰ። እኔ ምንም አልተሰማኝም። ሳላርም የተውኳቸውን ወረቀቶች አሰብኩ።

ቀዩ መድኃኒት፣ አድሪያማይሲን የሚሉት፣ ገባልኝ። አስመለሰኝ። ፀጉሬ ረገፈ። እሱም አላስለቀሰኝም።

ሁለተኛውን ነሐሴ 25 ወሰድኩ። ቀጣዩ ቀን ካርዱ ላይ ተጽፏል። እኔ ግን የሒሳብ አስተማሪ ነኝ፤ ካርድ ምን ያደርግልኛል? በጭንቅላቴ ደመርኩ፤ መስከረም 16። ጠያቂ ሲበዛብኝ ስልኬን አጥፍቼ ጨንቻ እናቴ ቤት ሄጄ ተኛሁ።

በ16 ጠዋት ሆስፒታል ስደርስ ኬሞ የምትሰጠኝ ነርስ፣ ሲስተር አልማዝ፣ ከወንበሯ ተነሣች።

«ቲቸር! ቀጠሮሽ መስከረም አሥራ አንድ ነበር እኮ! ጳጉሜን የት አደረግሻት?»

ከነሐሴ ወደ መስከረም ዘልዬ አምስቱን ቀን ረስቻለሁ። ለልጆች ቀን መቁጠር የማስተምር ሰው!

«በየቀኑ ደወልኩልሽ፤ ዝግ ነው። ዛሬ ባትመጪ ባጃጅ ይዤ ላንቴ ልመጣ ነበር» አለች። የሞትኩ መስሏታል።

ያኔ አለቀስኩ። መሞት አልፈልግም አልኩ። ጮክ ብዬ።

ሐኪሙ የደም ምርመራዬን አየ። «ነጭ የደም ሴልሽ ደህና ነው፤ ዛሬውኑ እንሰጥሻለን። ሁለተኛ ግን እንዳታዘገዪ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አላሳለፍኩም፤ ስድስተኛው ኬሞ ካለቀ በኋላ በተነሣሁት ሲቲ ስካን ጉበቴ ላይ የነበሩት እብጠቶች ቀንሰው ተገኙ፣ እኔም ቀስ በቀስ ምግብ እየጣፈጠኝ፣ ደረጃ ስወጣ ማረፍ እየተውኩ፣ ግማሽ ቀን ወደ ማስተማሩ ተመለስኩ።

ሲስተር አልማዝ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እናንተም እህቶቼ፣ ቀጠሯችሁን ብቻችሁን አትያዙ፤ ካርዱን ለሌላ ሰው አሳዩ፤ ስልካችሁን አታጥፉ። በሽታው ከውስጤ አልወጣም። ነገ የክትትል ቀጠሮ አለኝ። በጣም ፈርቻለሁ፤ እሄዳለሁ።