አማልክት የሚያወርደው ፓምፊሎስ

ፓምፊሎስ የወጣትነት ዕድሜውን የጨረሰው በጲሬዎስ ወደብ መርከቦች ላይ፣ ምሰሶ ሲወጣና ሸራ ሲጠቀልል ነው። ጉልበቱን ማመም ሲጀምረው ባሕሩን ትቶ አቴና ቲያትር ገባ። እዚያ ከመድረኩ ጀርባ አንድ ረጅም ግንድ አለ፤ ጫፉ ላይ ገመድ የሚያልፍበት መዘውር ተገጥሞለታል። ተዋናዩን በገመድ አንጠልጥለን እንደ አምላክ ከሰማይ የምናወርደው በሱ ነው። ገመድ ሳቢዎቹ አራት ነን፤ አለቃችን እሱ ነበር።

ኩሩ ሰው ነው። ገበያ ውስጥ «ምን ሠርተህ ዋልክ?» ያለው ሰው ካለ፣ «አማልክት ሳወርድ» ይላል፤ ፈገግ እንኳ አይልም።

አንድ ዓመት ቲያትር በሚታይበት በዲዮኒሶስ በዓል፣ ቴሌስቴስ የሚባል ግዙፍ ተዋናይ ክንፋም ጫማ ያለውን የአማልክት መልእክተኛ ሄርሜስን ሊጫወት ከቆሮንቶስ መጣ። መታጠቂያውን ስናስርለት ፓምፊሎስ ሆዱን መታ መታ አደረገና፣ «የወደቡን ዓሣ ለብቻህ ነው እንዴ የጨረስከው?» አለው።

«ዝም ብለህ ሳብ፣ አንተ ሽማግሌ! ብወድቅ አንተው ላይ ነው።»

ሳብነው። ከጣሪያው በላይ ወጥቶ ግንዱን ወደ መድረኩ ስናዞር፣ ገመዱ ከመዘውሩ ሸርተት አለና ጎኑ ላይ ተወሸቀ። አይወጣ፣ አይወርድ! ሄርሜስ በከተማው ሕዝብ ፊት ተንጠልጥሎ ቀረ። ሳቅ ተጀመረ።

«አጥብቃችሁ ያዙ» አለን ፓምፊሎስ። ጫማውን አውልቆ ግንዱ ላይ ወጣ። የበዓሉ አዛዥ ከታች፣ «ውረድ! ሕዝብ እያየህ ነው!» ይላል።

«ይየኝ!»

ቴሌስቴስ ቀና ብሎ አየው። ከዚያ በዚያ ነጎድጓድ ድምፁ፣ «የአቴና ሰዎች፣ አትደንግጡ! አባቴ ዜውስ ለክንፋሙ ጫማዬ ጠጋኝ ልኮልኝ ነው!» አለ። ቲያትሩ በሳቅ ተናወጠ።

ፓምፊሎስ ጫፉ ላይ በደረቱ ተኝቶ፣ «ትንሽ አላሉ!» ብሎ ጮኸ። አላላን። የቢላውን እጀታ ከገመዱ ሥር አስገብቶ ፈነቀለው፤ ገመዱ ቦታው ገባ። ተዋናዩ አንዴ ዘፍ አለ፤ መዳፋችን ተላጠ፤ አልለቀቅንም። ቀስ አድርገን አወረድነው፤ እሱም ምንም እንዳልተፈጠረ ንግግሩን ቀጠለ።

ጨዋታው ሲያልቅ ቴሌስቴስ የፓምፊሎስን ክንድ ይዞ መድረክ ላይ አወጣው። «ያወረደኝ ይሄ ነው!» አለ። ሕዝቡ ተነሥቶ ጮኸ። የኛ ሰው እጅ አልነሣም፤ ወገቡን ይዞ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ እስኪበቃቸው ድረስ ታያቸው። እኔ ከጀርባ ሆኜ አለቀስኩ።

ከዚያም ብዙ በዓል ሠራ። ሲሞት ቴሌስቴስ ከቆሮንቶስ ድረስ መጣ፤ አስከሬኑንም ከኛ ከሳቢዎቹ ጋር ተሸከመ።