ማንጠግቦሽና የለቃሚዎቹ ልጆች

ስለ ማንጠግቦሽ የሚያወራ ሰው ሁሉ ደግነቷን ነው የሚያወራው። እኔ ደግነቷን ትቼ ችኮነቷን ልናገር። ደግ ሴት ዲላ ውስጥ ሞልታለች፤ ቀበሌ ሊቀ መንበር ፊት ቆማ "አይሆንም" የምትል ግን በዚያ ዘመን ያየኋት እሷን ብቻ ነው።

እኔ ጀሚሊያ እባላለሁ። ባለቤቴ ዘይኑዲን ገበያው አጠገብ ሱቅ ነበረው፤ ከሱቃችን ፊት ለፊት ደግሞ ትልቅ የቡና መጋዘን አለ። እዚያ መጋዘን ውስጥ በየቀኑ ሰባ ሰማንያ ሴት መሬት ላይ ተቀምጣ ከቡናው መሀል ጥቁሩን፣ የተሰበረውንና ድንጋዩን ስትለቅም ትውላለች። የሚከፈላቸው በኬሻ ነው። ሕፃን ያላት ሕፃኗን ይዛ ትመጣለች። ትንሹን ታዝለዋለች፤ መዳህ የጀመረውን ግን ወገቡን በገመድ አስራ ጫፉን ከኬሻው ጆሮ ጋር ትቋጥረዋለች። ልጁ የገመዱን ያህል ይድሃል፣ የቡና አቧራ ይውጣል፣ ያስነጥሳል፣ ያለቅሳል፣ ሲደክመው እዚያው ይተኛል። ይህን ከሱቃችን በር ላይ ቆሜ ሁልጊዜ አየው ነበር። ማየት ብቻ።

ማንጠግቦሽም ከለቃሚዎቹ አንዷ ነበረች። ወርቃ ከሚባል ገጠር የመጣች ናት፤ እናቷ ጌዴኦ ስለሆኑ ቋንቋውን እንደ ውሃ ጠጥታዋለች። ባሏ በዛብህ በስልሳ ዘጠኝ ሚሊሺያ ሆኖ ዘመተና በዚያው ቀረ። አንድ ወንድ ልጇን ይዛ ዲላ ገባች፤ እሱንም ያሳደገችው እንዲሁ በገመድ አስራ ነው። "ልጄ መቆም የተማረው ገመዱን ሲጎትት ነው" እያለች ትስቃለች። ያ ሳቋ ግን ለሰሚው ደስ አይልም ነበር።

በሰባ አራት ዓመተ ምሕረት፣ ቡና በሚገባበት በኅዳር ወር፣ አንድ የጭነት መኪና ግቢው ውስጥ ወደ ኋላ ሲመለስ ጎማው የሙሉካን ልጅ ገመድ ረገጠ። ሙሉካ ከኮቸሬ የመጣች ዝምተኛ የጌዴኦ ሴት ናት። ልጅቷ ከጎማው ራቅ ብላ ነበር፤ ገመዱ ሲጠቀለል ግን ወደ ጎማው ይስባት ጀመር። ማንጠግቦሽ የኬሻ መቅደጃ ቢላዋ ይዛ ዘለለችና ገመዱን ቆረጠችው። ከዚያ ለማንም አንድ ቃል ሳትናገር መጋዘኑን ዞራ የስምንቱንም ሕፃናት ገመድ ቆረጠች፤ ሁሉንም ሰብስባ ከመጋዘኑ ጣሪያ ክፈፍ ሥር ወስዳ አብራቸው ተቀመጠች። ካቦው ወደ ሥራሽ ተመለሺ ሲላት ሥራዬ ይኸው አለችው።

እኔም ይቺ ሴት ዛሬ ማታ ምን ልትበላ ነው ብዬ ነበር። ሲመሽ ያየሁት ነገር ግን እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ሴቶቹ ኬሻቸውን ሊያስመዝኑ ሲሰለፉ እያንዳንዷ ከለቀመችው ላይ አንድ አንድ ሰፌድ እያፈሰች ወደ ማንጠግቦሽ ኬሻ ጨመረች። ያዘዛቸው የለም፤ የተመካከሩም አይመስለኝም። ኬሻዋ ከማንም ኬሻ ሳያንስ ሞላ። ካቦው ጮኸ፣ ለባለ መጋዘኑም ከሰሰ፤ ባለ መጋዘኑ ግን ቡናው ተለቅሞ እስከመጣለት ድረስ የማን እጅ እንደለቀመው ምን ገደደው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንጠግቦሽ ቡና ሳትነካ ለቃሚ ሆና ኖረች።

ክረምት ሲመጣ ግን ክፈፉ አላስጠልል አለ። ቀበሌያችን ከተወረሱት ትርፍ ቤቶች መሀል ሁለት ክፍል ባዶ ቤት ነበረው፤ ማድ ቤትም አለው። ማንጠግቦሽ ሊቀ መንበሩን ጓድ ግዛቸውን ቤቱን ስጠን አለችው። ግዛቸው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ስብሰባ የሚወድ ሰው ነበር። ጉዳዩ በስብሰባ ይታያል አላት። እሷም ሰኞ ሰኞ ልጆቹን ሁሉ እየነዳች ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ መቀመጥ ጀመረች። ለአምስት ሰኞ ልጆቹ ወለሉን በሽንት ሲያጥቡት ከርመው በስድስተኛው ቁልፉን ሰጣት።

ቤቱን ሴቶቹ እሑድ እሑድ ኖራ ቀቡት። በር ላይ "የሕፃናት ማቆያ" ተብሎ ተጻፈ። ቡላውን በተራ ያመጣሉ፣ እሷ አጥሚት ታደርገዋለች። ጠዋት የመጣውን ልጅ ሁሉ አጥባ ነው የምትቀበለው። ስምንቱ ልጆች በሁለት ዓመት ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ሆኑ።

በሰባ ስድስት ነው እንግዲህ እኔ የገባሁበት ነገር የመጣው። የቀበሌው የሴቶች ማኅበር ሊቀ መንበር ካሳነሽ ሱቃችን ድረስ መጣችና ከአውራጃው ጓዲት ጽጌማርያም የሚባሉ ኃላፊ ማቆያውን ሊጎበኙ ነው አለችኝ። የለቃሚዎቹ ልጆች ግን ንፍጣቸው የወረደ፣ የሚያስሉ፣ ልብሳቸው የተቀደደ ስለሆነ እንግዳ ፊት አይቀርቡም አለች። ስለዚህ ለዚያች ቀን ከነጋዴውና ከመንግሥት ሠራተኛው ቤት አሥር ንጹሕ ልጆች ይፈለጋሉ፤ እናቶቻቸውም አብረው ቆመው ልጄ እዚህ ነው የሚውለው ይላሉ። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ እንግዳዋ ደስ ካላቸው ቤቱ ለከተማው ልጆች ሞዴል መዋዕለ ሕፃናት እንደሚሆን፣ ለቃሚዎቹም ልጆቻቸውን ወደ መጋዘናቸው እንደሚመልሱ ነገረችኝ።

አልዋሽም፣ ደስ አለኝ። ልጄ አሲያ ሁለት ዓመቷ ነበር፤ ሱቅ ውስጥ ስኳር ስትደፋ፣ ክብሪት ስትበትን ነው የምትውለው። የሚይዝልኝ ባገኝ ጠልቼ ነው? ዘይኑዲንን ባማክረው "ዝም አይነቅዝም፤ ልጅቷን ስጫቸው" አለኝ። እውነቱን ነው። ሱቃችን የሚሸጠውን ሳሙናና ስኳር የሚደለድለው ቀበሌው ነው። አሲያን አዲስ ቀሚስ አልብሼ፣ ፀጉሯን ሠርቼ ወሰድኳት።

ስንደርስ የለቃሚዎቹን አሥራ ዘጠኝ ልጆች ማድ ቤት አስገብተዋቸዋል፤ ሙሉካ ከውስጥ በሩን ይዛለች። ማንጠግቦሽ ነጭ ጋውን አልብሰዋት መሀል ቤት ቆማለች። ግዛቸው የምትናገረውን ሊያስጠናት ሲሞክር እኔ አልዋሽልህም፤ ካልጠየቁኝ ግን አልናገርም አለችው። ግዛቸውም ያ በቃው። እኔን ገልመጥ አድርጋ አየችኝ፤ ከመሬት በታች ብሆን በወደድኩ።

ጓዲት ጽጌማርያም ካኪ የለበሱ፣ ደብተር የያዙ ቀጭን ሴት ናቸው። ገና ሲገቡ የአንድ አስተማሪ ልጅ ማልቀስ ጀመረ። እሱ ሲጀምር ዘጠኙም ተከተሉት። አሲያ በአዲስ ቀሚሷ ላይ ሸናች። የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚባለው ለዚህ ነው። እንግዳዋ አንዱን አንስተው ለማንጠግቦሽ ሲያቀብሏት ልጁ ደረቷን በእጁ እየገፋ እሪ አለ። ግዛቸው ቶሎ ብሎ ልጆቹ እንግዳ አይተው ፈርተው ነው አለ።

"እንግዳዋ እኔ ነኝ" አሉ ጓዲት ጽጌማርያም። "እሷን ለምን ይፈሯታል?"

ማንጠግቦሽ ግን ልጅ እያለቀሰ ዝም ብላ መቆም አይሆንላትም። አሲያን ከመሬት አነሳቻትና ትከሻዋ ላይ አድርጋ በጌዴኦ ቋንቋ እሹሩሩ ትላት ጀመር። ይሄኔ የማድ ቤቱ በር ተበረገደ። ሙሉካ ለቀቀችው ወይስ ልጆቹ ገፉት፣ እሷ እስከ ዛሬ አልተናገረችም። አሥራ ዘጠኙም ወጡ፤ የሚሮጠው እየሮጠ፣ የሚድኸው እየዳኸ፣ አፋቸው አጥሚት በአጥሚት እንደሆነ መጥተው ጋውኗን ያዙ። ከሁሉም ትንሿ እግሯ ላይ ተቀመጠች። ከመካከላቸው አንድም የሚያለቅስ አልነበረም።

እንግዳዋ የማን ልጆች ናቸው ብለው ጠየቁ። አሁን እንግዲህ ተጠየቀች።

"የቡና ለቃሚዎቹ ናቸው" አለች ማንጠግቦሽ። "የቤቱ ልጆች እነዚህ ናቸው። ዛሬ ቆሻሻ ናችሁ ተብለው ማድ ቤት ገቡ። በየጠዋቱ የማጥባቸው እኔ ነኝ፤ ቆሻሻ ከሆኑ ጥፋቱ የኔ ነው፣ እኔን ማድ ቤት አስገቡኝ።"

ግዛቸው ጉሮሮውን ጠራረገና ይቺ ሴት ትንሽ አእምሮዋን ያማታል፣ እናቶቹ ይመስክሩ አለ። ጓዲት ጽጌማርያም ወደ እኛ ዞሩ። ከፊት የቆምኩት እኔ ነበርኩ። ልጅሽ እዚህ ነው የምትውለው ወይ አሉኝ። አንድ "አዎ" ብል ቤቱ ለአሲያ ነበር። ሱቁም በሰላም ያድር ነበር። ልጄን አየኋት፤ ከማታውቃት ሴት ትከሻ ላይ እንባዋ ሳይደርቅ እንቅልፍ ወስዷታል። ፊት ለፊቴ ደግሞ የሙሉካ ልጅ ቆማለች፤ የዚያን ቀን መኪናው ሲያፈገፍግ በሱቃችን በር ላይ ቆሜ ያየኋት ልጅ።

"አይደለም ጓዲት" አልኩ። "የኛዎቹን ዛሬ ተለምነን ነው ያመጣናቸው። ቤቱ የነሱ ነው። ከዚህ ካስወጣችኋቸው ተመልሰው በገመድ ነው የሚታሰሩት።"

እንግዳዋ ብዙ አልተናገሩም። ሙሉካን አስጠርተው ስለ ገመዱ ጠየቋት፤ ሙሉካም በተሰባበረ አማርኛዋ ቀስ ብላ ነገረቻቸው፤ እሳቸውም ጻፉ። ሲወጡ ግዛቸውን ይህ ቤት ከለቃሚዎቹ ልጆች በቀር ለሌላ ነገር እንዳይውል፣ ይህንንም በጽሑፍ እንደሚልኩለት ነገሩት። ደብዳቤው በሳምንቱ መጣ። ማንጠግቦሽ ማንበብ ስለማትችል ልጇ አነበበላት፤ ግድግዳው ላይም ለጠፈችው።

ሱቃችን ሦስት ወር ሳሙናም ስኳርም አላየም። ዘይኑዲን ሁለት ቀን አኮረፈኝ። በሦስተኛው ራት ላይ ቀና አለና "ሳሙና ማንም ይሸጣል" አለኝ። ከእሱ አፍ ይህ ብዙ ምስጋና ነው።

ማንጠግቦሽ ግን አላመሰገነችኝም። ለምን ታመስግነኝ? የራሷን ልጆች የራሷ ናቸው ነው ያልኩት። ወር ሳይሞላ አሲያን አዝዬ ሄድኩና አፍሬ ቆምኩ፤ አንዷን ትጨምሪልኝ እንደሆነ ብዬ ጠየቅኳት። ልጅቷን ከላይ እስከ ታች አየቻት።

"ጠዋት በአንድ ሰዓት ነው የምቀበለው" አለችኝ። "ከረፈደ በሩን አልከፍትም፤ የባለ ሱቅ ልጅም ብትሆን።"

በማግስቱ ገና አሥራ ሁለት ተኩል ሳይሆን በሩ ላይ ደረስኩ። ለቃሚዎቹ ልጆቻቸውን አዝለው ተሰልፈዋል። ሙሉካ ዞር ብላ አየችኝና ከኋላዋ እንድቆም በእጇ አሳየችኝ። ቆምኩ። በዚያ ዘመን ያልተሰለፍኩበት ሰልፍ የለም፤ የስኳር፣ የዘይት፣ የስንዴ። የኮራሁበት ግን ያ አንዱ ብቻ ነው።