ለክሪኬት የተላከ ሽማግሌ

...መጀመሪያ ቀን እንኳ፣ እዚህ አሜሪካ ሰፈራችን ሎውሪ ሜዳ ላይ ያንን ጠፍጣፋ የክሪኬት ዱላ ይዛ ሳያት፣ ፍቅሩ በአንድ ወር ይወጣላታል ብዬ ስቄ ነበር።

የእህቴ ልጅ ሳራ ለአሜሪካ የሴቶች ክሪኬት ቡድን ተመረጠች። ኮራን። ኮርተን ስናበቃ፣ የነርስ ትምህርቷን አቋርጣ እንዳትሄድ ዛሬ ሽማግሌ ላክንባት።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ጋሽ ተስፋይ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጄ፣ ጨዋታው ሩጫ አለው?»

«አለው፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ለምን ዝም ብለሽ አትሮጪም? ሩጫ እንኳ ያገር ነው።»

«ፍላይቴ ዛሬ ነው፣ ጋሼ።»

እህቴ የሳራ ሻንጣ ላይ ተቀምጣለች።

«ማሚ፣ ፕሊስ፣ ተነሽልኝ።»

እናንተስ ልጃችሁ ሲሳካላት ስንት ሽማግሌ ጠራችሁ? እስቲ ጻፉልኝ፤ እኛ ብቻ እንዳንሆን እየፈራሁ ነው።

እህቴ ተነሳች። ሻንጣውን ራሷ አንስታ ወደ መኪናው ወጣች፤ ሳራ ተከተለቻት። ጋሽ ተስፋይ ገና እየመከሩ ነበር።

የቤቱ በር ከእናትና ልጅ ኋላ ተዘጋ።