የቪዲዮው ቀሪ ግማሽ

ይህ ነገር የገጠመኝ ዘንድሮ፣ የኮሌጅ ሁለተኛ ሴሚስተሬን እንደጀመርኩ ነው። ከአእምሮዬ ያልወጣው ስላዘንኩበት አይደለም። ገና ስላላለቀ ነው።

መነሻው የሃይስኩል ምርቃቴ ድግስ ነው። ድግሱ እዚህ አሜሪካ፣ አስፐን ሂል፣ አክስቴ አልማዝ ቤት ነበር። አባቴ "እስቲ በእንግሊዝኛ አንድ ሁለት በይ፣ ልጆቹም እንዲሰሙ" ሲለኝ፣ ሳምንት ሙሉ ያጠናሁትን የምስጋና ንግግር ቆሜ ማቅረብ ጀመርኩ። እዚሁ ተወልዶ ያደገው የአክስቴ ልጅ ያሬድ ከኋላዬ ቆሞ የእንግሊዝኛ አነጋገሬንና የእጄን እንቅስቃሴ ያስመስላል። ቤቱ ሙሉ ሳቀ። አባቴም ሳቀ። እኔም ሰው እንዳይከፋው ብዬ አብሬ ሳቅኩ። ማታውኑ ቪዲዮው በቤተሰብ ግሩፕ ተለቀቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሜሮን መባሌ ቀርቶ "ሚስ ስፒች" ሆንኩ። ከዚያ ሁሉ ዘመድ አንድ ሰው እንኳን "ተው እንጂ" አላለውም።

ኮሌጅ ስገባ እዚሁ አቅራቢያችን፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ አንድ አዳራሽ ፓርት ታይም ተቀጠርኩ። ሥራዬ ወንበር መደርደርና እንግዳ ማስቀመጥ ነው። አንድ ቅዳሜ የጃፓንና የአሜሪካ ተፋላሚዎች የሚገናኙበት የሬስሊንግ ትርኢት ሊቀርብ ሆነና ለሠራተኛ አንዳንድ ነጻ ቲኬት ተሰጠን። ያሬድ ከልጅነቱ ጀምሮ ሬስሊንግ ነፍሱ ነው። ደውዬ ቲኬቱ የፊት ረድፍ መሆኑን ነገርኩት።

"ሪንግሳይድ? ኖ ዌይ! ሚስ ስፒች፣ ዩ አር ዘ ቤስት!" አለኝ።

ቂም አልነበረኝም ብል ውሸት ነው። እቅድ ግን አልነበረኝም። እቅዱ የመጣው በሩ ሊከፈት ሲል ነው። እንደ ክፉ ሰው ሆኖ የሚጫወተው ግዙፉ አሜሪካዊ ወደ እኔ መጣና፣ በጣም በትህትና፣ ጥጉ ላይ ባለችው የፊት ወንበር ላይ ቀልድ የሚችል ሰው እንዳስቀምጥለት ለመነኝ። ሁልጊዜ አንድ ተመልካች መርጦ ይቀልድበታል።

"የአክስቴ ልጅ አለልህ" አልኩት።

"ስለ እሱ የምትነግሪኝ ነገር አለ?"

"ሃያ አራት ዓመቱ ነው። እናቱ አሁንም በእጇ ታጎርሰዋለች።"

ጉርሻ ለእኛ ነውር አይደለም። እኔንም አክስቴ ታጎርሰኛለች። ለዚያ አዳራሽ ግን ምን እንደሚመስል አውቄ ነው የተናገርኩት።

ያሬድን ራሴ ወስጄ አስቀመጥኩት። ከዚያ ግድግዳውን ተደግፌ ስልኬን አወጣሁ። አሜሪካዊው ማይክ ይዞ ከሪንጉ ወረደና ያሬድ ፊት ቆመ። "እናትህ አሁንም በእጇ ታጎርስሃለች የሚሉት እውነት ነው?" ብሎ ጮኸ። እንደ ጫጩት አፉን ከፈተ። ከጎኑ ካለ ሰው ፈንዲሻ አንስቶ ያሬድ አፍ ውስጥ ሊከት ታገለ። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ያሬድም አብሮ ለመሳቅ ሞከረ። ያን ፊት አውቀዋለሁ። የምርቃቴ ቀን የእኔ ፊት ነበር። ልቤ ቅቤ ጠጣ።

ግን እኔ ሬስሊንግ አላውቅም። ክፉው ሰው ተመልካቹን የሚያዋርደው ደጉ እንዲደርስለት መሆኑን ማን ነግሮኝ? ጃፓናዊው ተፋላሚ ከገመዱ በላይ ዘሎ መጣ። አሜሪካዊውን በመዳፉ ደረቱ ላይ ደጋግሞ ሲመታው ምቱ እንደ ጅራፍ ይጮኽ ነበር። ካባረረው በኋላ ወደ ያሬድ ዞሮ፣ ወገቡን አጥፎ እጅ ነሳው። እጁን ይዞም ወደ ላይ አነሳለት። ሕዝቡ በሙሉ ከመቀመጫው ተነስቶ አጨበጨበ። ያሬድ አለቀሰ።

ሁሉንም ቀርጬዋለሁ።

በእሱ መኪና ስንመለስ፣ ቤልትዌይ አውራ ጎዳናው ላይ፣ ሰውየው ስለ ጉርሻው እንዴት እንዳወቀ ራሱ ጠይቆ ራሱ መለሰው። የልደቱን ጉርሻ ኢንስታግራም ላይ ለጥፎት ነበር። ከዚያ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ፣ በስሜ ጠራኝ።

"ሜሮን፣ ያ ጃፓናዊ ባይደርስልኝ አይ ስዌር እሞት ነበር። ሰው ሁሉ ሲስቅብሽ ሃው ኢት ፊልስ አታውቂም።"

እኔ ነኝ የማላውቀው! እንዲያስታውስ በመስኮቱ ውጭ ውጭውን እያየሁ ጠበቅኩት። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ቤታችን በር ላይ እስኪያወርደኝ ድረስ ጠበቅኩት። "ቪዲዮውን ግሩፑ ላይ ላኪው፣ ኦኬ?" ብሎኝ ሄደ።

ላኩት። እስከ ፈንዲሻው ድረስ ያለውን።

እሑድ እዚያው አስፐን ሂል ተሰበሰብን። ያሬድ ገና ሲገባ አጎቴ "ና ላጉርስህ፣ የኔ ጫጩት!" አለው። ሳቅ ሆነ።

"ኖ፣ ኖ፣ ከዚያ በኋላ እኮ ጃፓናዊው መጣ! እጅ ነሳኝ! ሁሉም ስታንድ አፕ አደረገ!"

"ለአንተ? ሂድና ተኛ፣ ሕልሙን ጨርሰው" አለው አጎቴ።

አክስቴ አልማዝ ብቻ አልሳቀችም። "ልጄን ማጉረሴ ምኑ ነው የሚያስቀው?" አለች። ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም። ቅጣቱ የእሷ አልነበረም።

ያሬድ ወደ እኔ ዞረ። "ሜሮን፣ ቴል ዜም! አንቺ ነበርሽ እኮ!"

ሁሉም አዩኝ። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚፈልገው።

"እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ፤ መጨረሻውን አላየሁም" አልኩ። ሳቁ እንደገና ፈነዳ።

አሁን የእሱ ስም "ጫጩት" ነው። የቪዲዮውን መጨረሻ ኢንተርኔት ላይ ፈልጎ ፈልጎ አጥቶታል። አይቆጨኝም። የአክስቴ ጥያቄ ብቻ፣ ስታጎርሰኝ ጉሮሮዬ ላይ ይቆማል። ያሬድ በዚያው ሳሎን፣ በእነዚያው ሰዎች ፊት ቆሞ "ያኔ ሜሮን ላይ መሳቃችን ጥፋት ነበር" ያለ ቀን፣ እኔም እደርስለታለሁ።

ባለፈው ሳምንት ስልክ ቀየርኩ። ወደ አዲሱ መጀመሪያ ያሻገርኩት ያንን ቀሪ ግማሽ ነው።