ከቅጥሩ ውጭ የቆመችው ዕጩ

ይህን ለማንም አልተናገርሁም። ለንስሐ አባቴ ሐሜቴንም፣ ጾም መግደፌንም ስናዘዝ ይህችን አልፌያት ኖሬያለሁ። እናንተ የምታነቡት ግን ስሙኝ። እንድታዝኑልኝ አይደለም።

ጥሩዬን ከዕጩነት በሐሰት ያስቀረኋት እኔ ነኝ።

ጥሩዬ ጎረቤቴ ናት። በረሃቡ ዓመት ጡቴ ሲነጥፍ፣ ለራሷ ልጅ ቀኝ ጡቷን፣ ለእኔ ልጅ ግራውን እየሰጠች ሁለቱንም አተረፈች። ልጄ ዛሬ በሕይወት አለ። እግዚአብሔር ይመስገን፤ እሷም ትመስገን። የበደልሁት ይህችን ሴት ነው።

መንደራችን ከአሸተን ማርያም ገዳም በታች ነው። በደርግ ጊዜ ብሔራዊ ሸንጎ ሊቋቋም ነው ተብሎ ዕጩ እንድንጠቁም ካድሬ መጣ። "ከሴቶችም ጠቁሙ፤ ሸንጎው የወንድ ብቻ አይሆንም" አለ። እኛ ሴቶቹ ጥሩዬን አልን። የሴቶች ማኅበራችን ሊቀመንበር ነበረች፤ ስትናገር ወንዱም ያዳምጣል። የምትፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ የተፈታች ሴት ከእርሻዋ ባዶ እጇን እንዳትወጣ። ያኔ መሬቱ የሚጻፈው በባል ስም ነው። "እዚህ ብጮህ የሚሰማኝ የገበሬ ማኅበሩ ኮሚቴ ነው፤ እዚያ ግን ሕጉን የሚያወጡት ይሰሙኛል" ትለኝ ነበር።

ስብሰባው እንደ ወጉ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ከወይራው ሥር ሆነ። ጥሩዬ ሴት ልጅ ወልዳ ሰማንያ ቀኗ ገና አልሞላም፤ ቅጥሩን አልፋ መግባት አትችልም። ስብሰባውን ወደ ውጭ እናውጣው ያለ አንድ ሰው አልነበረም። እኔም አላልሁም። ሕፃኗን አቅፋ ከበሩ ማዶ ቆመችና እኔን ላከችኝ።

"እታለም፣ ስሜ ሲጠራ 'እሺ ብላለች፣ ደጅ ናት' በይልኝ። የሚጠይቀኝ ካለ ወደ በሩ ብቅ ይበል።"

እሺ አልኋት።

ስሟ ተጠራ። ካድሬው "ጓድ ጥሩዬ የት ናት? ጥቆማውን ትቀበላለች?" አለ። ነጠላዬን እንዳጣፋሁ ተነሣሁ። በዚያ ቅዱስ ስፍራ፣ ጸበል በጠጣሁበት አፍ፣ "አልፈልግም ብላለች፤ ልጄን ይዤ የት እሄዳለሁ ብላለች" አልሁ።

ከኋላ አንዱ ሳቀ። "ተገላገልን! እኔማ ሸንጎው ላይ ሕፃኗን ማን ሊያባብልላት ነው እያልሁ ነበር።"

"አንተን ይልኩሃላ! ሌላ ምን ሙያ አለህ?" አለው ጓደኛው።

ሳቁ አለፈ፤ የወንድ ስም ተጻፈ። ሴቶቹ እምቢ ያለች መስሏቸው ዝም አሉ።

ወደ በሩ ወጣሁ።

"ምን አሉ?" አለችኝ።

"አንፈልጋትም አሉ።"

"ሴቶቹስ?"

"ሴቶቹም ዝም አሉ።"

ሕፃኗን ወደ ደረቷ ሳብ አደረገችና ቁልቁለቱን ወረደች። ሴቶቹን ደግሞ "አታንሡባት፤ ስለ ልጇ ብላ ነው፣ ይከፋታል" አልኋቸው። እነሱ ስለሚወዷት አላነሡባትም። እሷ ደግሞ ዝምታቸውን ጥላቻ አደረገችው። እኔ በመካከላቸው ቆሜ አየሁ።

ለምን? ባሌ አላዘዘኝም። ካድሬውን አልፈራሁም። ሴት ከወንድ ጋር ተቀምጣ አትመክርም ብዬም አይደለም፤ እንዲያ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ልጄ ጥሩዬን ባየ ቁጥር ከእቅፌ ዘሎ ይወርድ ነበር። እሱ ወደ እሷ በሮጠ ቁጥር ከእሷ ማነሴ ይታየኛል። ይባስ ብላ አሁን ሸንጎ ልትቀመጥ! ያን አልቻልሁም። ውለታ እንዲህ ወደ ቅናት ይዞራል? እኔ ዘንድ ዞረ።

በዓመቱ ታላቋን ልጄን ባሏ ፈታት። ከእርሻው አንድ ትልም አልደረሳትም። "መሬቱ የተጻፈው በእሱ ስም ነው" አለ ኮሚቴው። ወዴት ሮጥሁ? ወደ ጥሩዬ። አይ ድፍረቴ! "ኮሚቴው ፊት ቁሚላት፤ አንቺ ከተናገርሽ ይሰማሉ" ብዬ ለመንኋት።

"በምን አፌ፣ እታለም? እኔ እኮ ሰው አንፈልግሽም ያለኝ ሴት ነኝ። ከጎኗ ብቆም እሷንም አብረው ይጠሏታል።"

ያኔ መናገር ነበረብኝ። ሰው አልጠላሽም፣ እኔ ነኝ የዋሸሁት ብላት ኖሮ ተቆጥታም ቢሆን ለልጄ ትቆም ነበር። አውቃታለሁ። አልተናገርሁም። ከልጄ እንጀራ ስሜን መረጥሁ። ልጄ ጨርቋን ቋጥራ ፍላቂት ከተማ ሄደች፤ የሰው ቤት ተቀጠረች። ከዚህ ወዲያ እናት ነኝ እላለሁ?

አንዲት ሴት ሸንጎ ብትገባ ሕጉ ይለወጥ ነበር? አላውቅም። ተወዳድራ ትወድቅም ይሆናል። ግን የሚጥላትም የሚያነሣትም ሕዝብ ነበር እንጂ እኔ አልነበርሁም። ከሴቶች አንዲት ጠቁሙ ተብለን፣ ያችን አንዲቷን ያስቀረኋት ሴት ሆኜ እኔ ነኝ።

ጥሩዬ ከዚያ ወዲያ በስብሰባ ላይ አፏን ከፍታ አታውቅም። አሁን ሁለታችንም አርጅተናል። ባለፈው ፋሲካ ከቅዳሴ ስንወጣ እጄን ያዘችና፣ "እታለም፣ መንደሩን ይቅር ብዬዋለሁ። ቂም ይዤ መሞት አልፈልግም" አለችኝ። መንደሩ ምን በድሏት? አንድም ቀን ያልጠሏትን ሰዎች ሁሉ ይቅር ስትል እጇ እጄ ውስጥ ነበር።

"ደግ አደረግሽ" አልኋት።

ይቅርታ አልለምናችሁም። እናንተ አልተበደላችሁም። የተበደለችው ደግሞ በደሏን አታውቀውም፤ ያላወቀችውን እንዴት ይቅር ትላለች? እግዚአብሔር ለሁለታችንም ዕድሜ የሰጠን እንድነግራት ይሆናል። ዛሬ ጠዋትም አገኘኋት። ስለ ገብሱ አውርተን ተለያየን።