ሁልጊዜ ከፊታችን የነበረው ምሥራቅ

ዝናብ የመታው ባርኖስና ቤንዚን ሲቀላቀሉ የሚሰጡትን ሽታ ዛሬም አውቀዋለሁ። ባለፈው ክረምት ልጄ የረጠበ የሱፍ ካፖርቱን መኪናው ውስጥ ወርውሮ መስኮቶቹን ሲዘጋጋ ያው ሽታ ድንገት መጣብኝና፣ የአባቴ ነጭ ቮልስ፣ የአያቴ ጀርባና ያ የወገራ ጭጋግ አንድ ላይ ተደቀኑብኝ። ጉንጮቼ ጋሉ። ሰው ይህን ሁሉ ዘመን ቆይቶም ያፍራል ለካ!

ጊዜው ደርግ ነው፤ ቤታችን ቁስቋም ነበር። የጂኦግራፊ መምህር የነበረው አባቴ፣ ወደ አገሩ የተመለሰ አንድ የውጭ አገር ባልደረባው የተወለትን ኮምፓስ ቮልሷ ዳሽቦርድ ላይ ለጥፎ፣ ያን በጋ በሙሉ እሱን እያየ ይነዳ ነበር። ከቁስቋም ፒያሳ ለመድረስ ኮምፓስ ያስፈለገው ጎንደሬ እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። እኔን ከፊት አስቀምጦ «አሁን ወዴት እየሄድን ነው?» ይለኛል፣ እኔም መርፌዋን አይቼ «ደቡብ ምሥራቅ» እላለሁ፤ የትምህርት ቤት ልጆች «ካፒቴኑ መጡ!» እያሉ ሲሯሯጡብን ግን፣ እንዳያዩኝ ከመስኮቱ በታች እስክወርድ መቀመጫው ላይ እንሸራተት ነበር። እናቴ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይሉ ነበር፤ ኮምፓስ የያዘውማ ባሰ» ትለዋለች። እሱ አይቆጣም። «ሰው ይሳሳታል፣ መርፌ አትሳሳትም» ይል ነበር።

አያቴ፣ የአባቴ አባት፣ የቅኔ መምህር ስለነበሩ እኛም እንደ ተማሪዎቻቸው የኔታ እንላቸው ነበር። ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል። በበጋ ለጸሎት ሲቆሙ ምሥራቁን የሚያገኙት ፀሐይዋ ፊታቸውን ስታሞቃቸው ነበር፤ በክረምት ግን ትከሻቸውን ይዤ የማዞራቸው እኔ ነበርኩ። አባቴ፣ የቀበሌው ስብሰባ እሑድ ጠዋት በቅዳሴ ሰዓት መሆን ከጀመረ ወዲህ፣ ቤተ ክርስቲያን መሳሙን ትቶ ነበር። የኔታ አንድ ቀን አልወቀሱትም። እሱ ግን የማያዩትን አባቱን ቀና ብሎ ማየት ይከብደው ነበር። ያን ክረምት «ከመሞቴ በፊት ያገሬ ገብርኤል ታቦቱ ሲወጣ እልልታውን ብሰማ» ሲሉ፣ ለሐምሌ ገብርኤል ራሱ ሊያደርሳቸው ቃል ገባ። ጉዞው የይቅርታ መጠየቂያው እንደነበረ ልጅ ብሆንም ገብቶኝ ነበር። በዚያው ሰሞን ደግሞ ለመንገዱ ብሎ፣ ከኮምፓሱ አጠገብ ራዲዮ አስገጠመ።

በበዓሉ ቀን ጎሕ ሲቀድ ተነሥተን፣ ዳባት ሳንደርስ ከዋናው መንገድ ወጥተን፣ ወደ ምሥራቅ በሚወስድ ጥርጊያ ገባን። ጭጋጉ እየወፈረ ሄደና ጥርጊያው ሜዳው ላይ ተበታትኖ ጠፋ።

«ምነው፣ የሚያሳየን ሰው እስኪመጣ ቆም ብንል?» አለች እናቴ።

«ምን ሰው ያስፈልጋል? ቤተ ክርስቲያኑ በምሥራቅ ነው፣ ምሥራቅም ይኸው ከፊታችን ነው።»

ረግረግ ባጋጠመው ቁጥር ወዲያ ይጠመዝዛል፣ ወዲህ ይጠመዝዛል፤ መርፌዋ ግን ምሥራቅ ከፊታችን ነው ማለቷን አልተወችም። «አየሽ፣ ንቅንቅ የለም!» እያለ ደስታው ፊቱ ላይ ያበራ ነበር።

የሦስት ሰዓት ጸሎታቸው ሲደርስ የኔታ «አውርዱኝ» አሉ። አባቴ ኮምፓሱን አይቶ «ወደ መኪናው ፊት አዙሪያቸው» አለኝ፤ እኔም እርጥቡን ባርኖሳቸውን ይዤ አዞርኳቸው። ዳዊታቸውን በቃላቸው እየደገሙ ሳለ ጭጋጉ ሳሳ፣ ፀሐይም ወጣች፤ ከኋላችን። ድምፃቸው ቆመ። እጃቸውን ቀስ አድርገው ወደ ማጅራታቸው ወስደው ዳበሱት።

«አንቺ ልጅ፣ ጀርባዬን የሚሞቀኝ ምንድን ነው?»

እጄን ከባርኖሳቸው ላይ ቶሎ አነሣሁ። ሕፃን ክርስትና ሲነሣ ወደ ምዕራብ የሚዞረው ሰይጣንን ለመካድ እንደሆነ ያስተማሩኝ እሳቸው ራሳቸው ነበሩ። ከሩቅ፣ ከኋላችን፣ ከበሮና እልልታ ይሰማ ነበር። አባቴ ኮምፓሱን ከዳሽቦርዱ ነቅሎ ከመኪናዋ ራቅ ሲል መርፌዋ ዞራ በሌላ አቅጣጫ ቆመች፤ ለካ እስካሁን ትከተል የነበረው ሰሜንን ሳይሆን የራዲዮኑን ድምፅ ማጉያ ማግኔት ነበር። የኔታ ማንንም ሳይጠብቁ ወደ ሙቀቱ ዞሩና ጸሎታቸውን ከመጀመሪያው ጀመሩ።

ስንደርስ ታቦቱ ገብቶ ሕዝቡ እየተበተነ ነበር። አንድ ቄስ ሮጠው መጥተው «የኔታ፣ ምነው ዘገዩ?» አሏቸው።

«ጭጋጉ ያዘን እንጂ፣ ልጄስ ሸጋ አርጎ ነው ያመጣኝ» አሉ የኔታ።

አባቴ ይህን ሲሰማ ነጠላውን ተከናንቦ ወደ አጥሩ ዞረ። ቢሰድቡት ይሻለው ነበር። ስንመለስ ራዲዮኑን የከፈተው ሰው አልነበረም።

መስከረም ጠብቶ ትምህርት ሲከፈት የአባቴ ክፍል ደረሰኝ። አንድ ቀን በየዓመቱ የሚያስተምረውን ትምህርት እንደ ልማዱ ሲያጽፈን «ኮምፓስ ብረትና ማግኔት አጠገብ አይቀመጥም» አለ። ክፍሉ ሁሉ አቀርቅሮ ይጽፋል። እሱ ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተጋጨን። ቶሎ አቀረቀርኩ። ዞሮ የጻፈበትን ሰሌዳ ያለምክንያት ሲያጠፋው ሰማሁ። የኔታ በቀጣዩ በጋ አረፉ፤ ያገራቸውን ገብርኤል እልልታ ከዚያ ወዲህ አልሰሙም።

አሁን ልጄን መንገድ የሚመራው ስልኩ ነው። በቀደም ለቅሶ ልንደርስ ወጥተን አሳስቶን፣ ቀብሩ ካለቀ በኋላ ደረስን፤ ልጄም ሐዘንተኞቹን እየሳቀ «ስልኩ ነው ያሳሳተን» ብሏቸው ተቀመጠ፣ ማንም ቅር አላለው። እኔ ግን አባቴ ትዝ አለኝ። እስከ ዕለተ ሞቱ ድረስ «ኮምፓሱ ነው» ሲል አንድ ቀን ሰምቼው አላውቅም።